ፍሬኑ በማን እጅ ነው?

አማርኛችን ስለ መንገድ ሲናገር ቃል አያጥረውም። አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ዳገት፣ ዘቅዛቃ፣ ጠመዝማዛ፣ ወጣ ገባ፣ ኮረኮንች፣ ጥርጊያ፣ አቋራጭ እያለ የምድሩን ጠባይ አንድ በአንድ ለይቶ ይጠራል። በተራራ ላይ ለኖረ ሕዝብ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ከነዚህ ሁሉ ቃላት መካከል አስቸጋሪውን መንገድ አስቸጋሪ በመሆኑ የሚያመሰግን አንድም አለመኖሩ ነው። መንገድ ሲያስቸግር "ክፉ መንገድ" ይባላል። መንገደኛ ሲሰናበትም የሚመረቀው "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" ተብሎ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለሚወዱት ሰው የተመኙለት መንገድ እንቅፋት የሌለበትን ለስላሳውን መንገድ ነው።

በትርጉም ሥራ ላይ ለቆየ ሰው እንዲህ ያለው የቃል እጦት ብዙ ጊዜ የአስተሳሰብ ድንበር ምልክት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተራራ ብስክሌት ወዳጆች የተዘጋጀ አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ ስመልስ ከዚሁ ድንበር ላይ ደረስሁ። መመሪያው በደን የተሸፈኑ ኮረብቶችን ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም አንድ መንገድ ይገልጻል፤ መንገዱንም "ቴክኒካል" እያለ ያሞግሰዋል። በብስክሌተኞቹ ቋንቋ ቴክኒካል መንገድ ማለት ጉልበት ብቻውን የማይወጣው፣ ሥሩንና ድንጋዩን፣ እርከኑንና ጠባቡን እጥፋት በብልሃት ማለፍን የሚጠይቅ መንገድ ነው። "አስቸጋሪ" ብዬ ብጽፈው ውዳሴው ወቀሳ ይሆናል። "ጥበብ የሚጠይቅ" ብለው ደግሞ ድካሙና ፍርሃቱ ይቀርበታል። በመጨረሻ "ፈታኝ" የሚለውን ቃል መርጬ ሥራውን አስረከብሁ፤ ነገሩ ያስነሣብኝ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ጥያቄው ሁለት ገጽታ አለው። ለመሆኑ ሰው ችግርን ፈልጎ፣ ጊዜና ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት ለምንድን ነው? ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ በዚያው ዳገት ላይ ያንኑ ችግር ሳይወድ የሚሸከም ሌላ ሰው ሲኖር፣ ወዶ የሚፈተነው ሰው ለዚያኛው የሚከፍለው ዕዳ አለበትን?

እንቅፋት ሆኖ የተሠራ መንገድ

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ባለው በማሪን አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ከባድ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ ከታማልፓይስ ተራራና ከአካባቢው ኮረብቶች ቁልቁል መንዳት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ መወዳደር የጀመሩበት ቁልቁለት ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ ወደ 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች ፍሬን በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበር። በአንድ ቁልቁለት ብቻ ፍሬኑ እጅግ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ ጨሶ ያልቅ ስለ ነበር፣ ብስክሌቱ ተፈትቶ አዲስ ግራሶ ሊሞላለት ግድ ይሆን ነበር። ውድድሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ "ሪፓክ" ተባለ፤ እንደ ገና መሙላት እንደ ማለት ነው። ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚሁ ተግባር ብሎ ያሰበውን ብስክሌት ሠራ፤ ጌሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ቶም ሪቺ ደግሞ ነገሩን ወደ ንግድ አሸጋገሩት። ከመጀመሪያው ውድድር ሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ ጨዋታው የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ።

እንግዲህ ስፖርቱ ከተስፋፋ በኋላ በመንገድ ታሪክ ውስጥ ያልተለመደ ነገር መጣ። ከጥንት ጀምሮ መንገድ የሚሠራ ሰው ሥራው ድንጋይ ማንሣት፣ ጉድጓድ መሙላት፣ ዳገቱን በጥምዝ ማለዘብ ነበር። ለተራራ ብስክሌት መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎች ግን አንዳንዴ ድንጋዩን ራሳቸው ያስቀምጡታል። የዛፉ ሥር እንዳይነቀል ይጠብቁታል፤ እጥፋቱ እንዲጠብብ፣ መውረጃው እንዲያስፈራ ያስባሉ። ከዚያም ለመንገዱ የክብደት ደረጃ ያወጡለታል። ለጀማሪው አረንጓዴ ክብ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ለብርቱው ጥቁር አልማዝ በመግቢያው ላይ ይተከላል። ምልክቶቹ የተወሰዱት ከበረዶ ሸርተቴ ስፍራዎች ነው። ይህን ምልክት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። መከራ መጠኑን አስቀድሞ በሥዕል አስታውቆ፣ "ትገባለህ ወይስ ትመለሳለህ?" ብሎ የሚጠይቅበት ስፍራ በሕይወት ውስጥ ብዙ አይደለም።

በካናዳ ያስተማረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጨዋታ ምንነት ያቀረበው ሐሳብ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይጠቁማል። በእርሱ አስተያየት ጨዋታ ማለት አስፈላጊ ያልሆነን እንቅፋት በፈቃድ ለማሸነፍ መጣር ነው። ጎልፍ የሚጫወት ሰው ዓላማው ኳሷን ጉድጓድ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በእጁ ይዟት ሄዶ ይጨምራት ነበር። ቀላሉን መንገድ ትቶ በረጅም ዱላ ከሩቅ መምታትን የመረጠው፣ ያለዚያ እንቅፋት ጨዋታው ራሱ ስለማይኖር ነው። ብስክሌተኛውም እንዲሁ ነው። ኮረብታውን ዞሮ የሚደርሰው ከተነሣበት ቦታ ስለ ሆነ፣ መድረስ ዓላማው ሊሆን አይችልም። የሚፈልገው ነገር ያለው በመካከሉ ነው።

በመካከሉ ያለውን የቀመሰ ያውቀዋል። ጥሩ ብስክሌተኛ ድንጋዩን አይቶ አይነዳም፤ ዓይኑ ከድንጋዩ አልፎ መውጫው ላይ ያርፋል፤ ዓይኑ የተተከለበትን ነገር ጎማው ይከተለዋልና። ፍሬኑንም የሚይዘው እንቅፋቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። በድንጋይ ላይ የተያዘ የፊት ፍሬን ሰውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይወረውራል። አቀበቱ ላይ ማርሹን አስቀድሞ ያቀልላል፤ ክብደቱን ወደ ፊት ያደርጋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን አእምሮው ትናንትንም ነገንም አያስብም። ዘመናችን ሰውን በሺህ ነገር በትኖ ሲያውለው፣ አንድ ጠባብ መንገድ ለአንድ ሰዓት ሰብስቦ ይይዘዋል። ይህን ደስታ እንደ ተራ ቅንጦት ቆጥሮ ማናናቅ ለእኔ ተገቢ አይመስለኝም።

የእንጦጦ ዳገት

ይሁን እንጂ የትኛውም ኮረብታ ባዶ አይደለም። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ከአዲስ አበባ በላይ የሚገኘው እንጦጦ ይበቃናል።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትርን የሚያልፍ ሸንተረር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት መቀመጫቸውን በዚያ አድርገው ነበር። ዛሬ ሸንተረሩን ያለበሰው ደን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፉም የመጣው በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ በችግር ምክንያት ነው። አዲሲቱ ከተማ የአካባቢዋን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አጸናት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ብስክሌተኛ በጥላው ሥር እያለፈ የሚያደንቀው የእንጦጦ ደን ከመሠረቱ የተተከለው ለምድጃ ነው።

ደኑና ምድጃው ያገናኟቸው ደግሞ ሴቶች ናቸው። ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ ከሽሮ ሜዳና ከአካባቢው ሰፈሮች ጎህ ሳይቀድ እየወጡ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ በገመድ አስረው፣ በጀርባቸው ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶችና ልጃገረዶች የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣው የፈቃርተ ኃይሌ ጥናት ስለነዚሁ ሴቶች ነበር፤ ሸክማቸው ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ነበር። ኋላም ከእንጨት ለቀማ ወጥተው ሽመና የያዙ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሠርተዋል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ሲከፈት፣ በዚያ ደን ውስጥ የእግርና የብስክሌት መንገዶች፣ የፈረስ መጋለቢያና የመዝናኛ ስፍራዎች ተዘረጉ። የከተማው ሰው ንጹሕ አየር አገኘ። ዳገቱም ስሙን ሳይለውጥ ትርጉሙን ለወጠ።

እስቲ ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ዙር ናቸው። ብስክሌተኛው ከተነሣበት ተነሥቶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ እንጨት ለቃሚዋም ከቤቷ ወጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሁለቱም ላብ ያፈስሳሉ፤ ሁለቱም ድንጋዩንና ሥሩን ያውቃሉ። በጥበብ ረገድ እርሷ አታንስም፤ ሚዛኑ የከበደ እስር በጀርባ ተሸክሞ ጭቃማ ቁልቁለት መውረድ ከማንኛውም ጥቁር አልማዝ ያላነሰ ቴክኒካል ነው። እርሱ ባዶ እጁን ሲመለስ ደስ ይለዋል፤ እርሷ ባዶ እጇን ከተመለሰች ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው ተረታችን የተነገረው ስለ መተባበር ነው። እዚህ ግን ሌላ ነገርም ያሳየናል፤ አንዱ ዳገት እንደ ወጪው ሰው ሸክምም ጌጥም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሸንተረር ላይ የሚወጡ ሌሎችም አሉ። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄዱ ምእመናን አቀበቱን እንደ ጸሎታቸው ክፍል አድርገው ይወጡታል። ስመ ጥር ሯጮቻችን ቀጭኑን አየር ፈልገው ይለማመዱበታል። ስለዚህ "ፈቅዶ መቸገር ከባዕድ የመጣ የሀብታም ቅብጠት ነው" የሚል ሰው ቢኖር ታሪካችን አያግዘውም። ጾም፣ ስግደት፣ ሱባዔ፣ በገመድ የሚወጣው የደብረ ዳሞ ገደል፣ እስከ ግሸን ድረስ በእግር የሚደረገው ጉዞ፣ ሁሉም የተመረጠ ድካም ናቸው። ድካምን መምረጥ የሰው ልጅ የቆየ ጠባይ ነው። አከራካሪው ነገር መምረጥ የምንለው ነገር ራሱ ምን እንደ ሆነ ነው።

"ማን አስገደዳት?"

አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ "እንጨት ለቃሚዋንም ማንም አላስገደዳትም። ሌላ ሥራ መፈለግ ትችል ነበር። ጠዋት ተነሥታ ገመዷን የያዘችው በፈቃዷ ነው። ታዲያ በእርሷና በብስክሌተኛው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?"

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ ይህን ክርክር ቀድሞ አይቶታል። በማዕበል የተያዘች መርከብ አዛዥ ነፍሱንና የሰዎቹን ነፍስ ለማትረፍ ጭነቱን ወደ ባሕር ይወረውራል። ወረወረ እንጂ ማንም እጁን ይዞ አልወረወረለትም፤ በዚህ ረገድ ድርጊቱ የራሱ ነው። ነገር ግን ማዕበል ሳይኖር ንብረቱን ወደ ባሕር የሚጥል ጤነኛ ሰው የለም። አርስቶትል እንዲህ ያለውን ድርጊት ቅይጥ ይለዋል፤ ፈቃድም ግዴታም አለበት፤ ሚዛኑ ግን፣ በዚያች ሰዓት የተመረጠ ስለ ሆነ፣ ወደ ፈቃድ ያደላል ይላል። እኔ ከዚህ ላይ አንድ እርምጃ ልጨምር። አዛዡ ፈቅዶ ወረወረ ማለት ማዕበሉን ፈቀደ ማለት አይደለም። እንጨት ለቃሚዋም ገመዱን መያዟ የእርሷ ድርጊት ነው፤ ድህነቱ ግን የእርሷ ምርጫ አይደለም። "ማን አስገደዳት?" የሚለው ሰው ማዕበሉን ረስቶ እጇን ብቻ ያያል።

ይህ ጥያቄ እኔ ለምኖርባት ለሐርጌሳ ባዕድ አይደለም። የምኖርበት 26 ጁን ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1960 የብሪታንያ ጥበቃ አብቅቶ ነጻነት ከታወጀበት ዕለት ነው። በዚህችው ከተማ አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ የሚያልፉ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከጅማ ተነሥተው፣ አንዳንዶቹ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻግረው፣ ወደ ቦሳሶና ከዚያ በባሕር ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ የሚመኙ ናቸው። ከነዚህ ወጣቶች አንዱን "ወደህ ነው የመጣህ?" ብትሉት "አዎ" ሊላችሁ ይችላል። በመነሻው ላይ ያለው "አዎ" ከብስክሌተኛው "አዎ" ጋር በድምፅ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከተነሣ በኋላ ነው። ወጣቱ በመንገዱ አጋማሽ ላይ "ይብቃኝ፣ ልመለስ" ቢል ገንዘቡ በደላላው እጅ ነው፤ ውሃው በደላላው እጅ ነው፤ ጀልባዋም በደላላው እጅ ናት። የመንገዱን ክብደት የሚያሳይ ጥቁር አልማዝ በመግቢያው ላይ አልተተከለለትም።

ስለዚህ የተመረጠን መከራ ከተጫነ መከራ የምንለይበት ምልክት በመነሻው ላይ የተሰጠው ፈቃድ ብቻውን ሊሆን አይችልም። ሦስት ነገሮችን መጠየቅ አለብን። መጠኑ አስቀድሞ ታውቋልን? በመካከል ማቆም ይቻላልን? ያቆመ ሰው የሚያጣው ነገር ኩራቱን ብቻ ነው ወይስ እንጀራውንና ነፍሱን? ሦስቱን በአንድ ቃል ልጠቅልላቸውና፣ ፍሬኑ በማን እጅ ነው?

እርግጥ ነው፣ ብስክሌተኛውም ቁልቁለቱ መካከል ላይ ማቆም የማይችልበት ቅጽበት አለ። የሪፓኩ ፍሬን እንደ ጋለና እንደ ጨሰ አይተናል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንደሚባለው በችኮላ የገባ በችኮላ ይወድቃል፤ አጥንት ይሰበራል፤ ሕይወትም ያልፋል። ነገር ግን ከቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሞ ያሰበባት ደቂቃ የራሱ ነበረች። ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ማለፍ ይችል ነበር፤ ይህንንም የሚያደርግ ሰው ብልህ ይባላል እንጂ አይራብም። እንጨት ለቃሚዋ ግን የያዘችውን እስር በሜዳ ላይ ብታወርደው ብቻዋን መልሳ ማንሣት ስለሚቸግራት፣ ጀርባዋን የምታስደግፍበት ከፍ ያለ ጠርዝ እስክታገኝ ድረስ ማረፍ እንኳ አትችልም። ለእርሷ መቆም ራሱ ዋጋ አለው።

ከችግር የሚገኝ ትምህርት

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አስተሳሰብ ይጠብቀናል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ ባደገበት ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር፣ ከትምህርት ቤትም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር በሰፊው ይታወቃል። በዓለም መድረክ ሲሮጥም ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የሚይዘው ያኔ ደብተሩን አቅፎ ከመሮጥ በቀረ ልማድ እንደ ሆነ ይነገራል። ታሪኩ ውብ ነው። ከዚህ ውብ ታሪክ ግን ብዙዎቻችን የተሳሳተ መደምደሚያ እናወጣለን፤ "ችግር ነው ሰውን ሰው የሚያደርገው" እንላለን። በዚያው መንገድ ላይ የሮጡ፣ ደክመው ትምህርታቸውን የተዉ፣ ስማቸው ያልተጠራ ልጆችስ? የአንዱ ድል የመንገዱን ርዝመት ትክክል አያደርገውም። ኃይሌን ታላቅ ያደረገው የተጫነበትን ሩጫ ኋላ የራሱ ምርጫ አድርጎ መያዙ ነው። ያን ጊዜ የሚሮጥበትን ሰዓት፣ ርቀቱን፣ የሚያርፍበትንም ቀን የሚወስኑት እርሱና አሠልጣኙ ሆኑ።

ፈቅደው የሚቸገሩ ሰዎች ከችግር የሚያገኙት ትምህርት እውነተኛ ነው። ትዕግሥትን፣ ራስን መቆጣጠርን፣ ፍርሃትን ሳይክዱ ማለፍን ይማራሉ። አርስቶትል ጀግንነትን በፍርሃትና በድፍረት መብዛት መካከል ያስቀመጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ ምንም የማይፈራ ሰው ቁልቁለቱን ገና አላየውም። ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚገኘው መከራው በልክ ስለ ተመጠነና ማቆሚያ ስላለው ነው። መጠን የሌለው፣ ማቆሚያም የሌለው መከራ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው መጽናትን ብቻ ነው፤ እርሱንም ከሰውነት ላይ እየቆረሰ። ስለዚህ ከተመረጠ ችግር ያገኘነውን ጥቅም አንሥተን የተጫነውን ችግር ማወደሻ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ተራራ ወጥቶ የተመለሰ ሰው "ድህነት ያጠነክራል" ብሎ ለድሃ ለመስበክ መብት አላገኘም።

ታዲያ ብስክሌተኛው ወደ ኮረብታው ባይሄድስ? ቢተወው ለእንጨት ለቃሚዋ የሚቀንስላት ሸክም የለም። በኀፍረት የሚቀር ሰው ማንንም አይጠቅምም። እንዲያውም ሄዶ በገዛ እግሩ የዳገቱን ክብደት ያወቀ ሰው፣ ከመኪና መስኮት ከሚያያት ሰው ይልቅ ሸክሟን ለመገመት የቀረበ ነው። ትንፋሹ ሲያጥረው፣ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ፣ "በዚህ ላይ ሠላሳ ኪሎ ቢጨመርብኝስ?" ብሎ ሊያስብ ይችላል። ከተመረጠ ችግር ከሚገኘው ትምህርት ሁሉ ከፍ ያለው ይህ ይመስለኛል፤ ሳያስቡት ግን አይመጣም።

መንገድ መልቀቅ

የተራራ ብስክሌተኞች ራሳቸው ያወጡት አንድ ደንብ አለ። በካሊፎርኒያ ብስክሌተኞች ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ጋር ሲጋጩ፣ ብዙ መንገዶችም ሲዘጉባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ካስፋፋቸው ደንቦች መካከል ብስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረሰኛ መንገድ ይልቀቅ፣ የሚወርድም ለሚወጣ ይልቀቅ የሚሉት ይገኛሉ። ደንቡ የወጣው ለሰላም ሲባል ነው፤ በውስጡ ግን ጥልቅ የሆነ የሥነ ምግባር መርሕ ይዟል። የሚወርደው ለሚወጣው እንዲለቅ የሚገደደው፣ ወጪው አንዴ ከቆመ እንደ ገና መነሣት ስለሚከብደው ነው። ማቆም የሚቀልለው ሰው ያቁም እንደ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ይህ መርሕ ያለ ማኅበርና ያለ ደንብ ኖሯል። ሸክም ያለው ሰው ሲመጣ ባዶ እጁን የሚሄደው ወደ ዳር ይላል፤ "አይዞሽ እናቴ፣ በርቺ" ብሎ ያሳልፋል፤ ቢችል ሸክሙን ደግፎ ያሳርፋል። በሶማሊላንድም በሳናግ ገደሎች ላይ የመይዲ ዕጣን የሚለቅሙ ሰዎች፣ ዛፉ ከዓለቱ ላይ ስለሚበቅል፣ ለዕለት እንጀራቸው ገደል ይወጣሉ። ከኤሪጋቮ በላይ ባለው በዳሎ ደን እኛ ጽድ፣ ሶማሌዎች ደዪብ የሚሉት ዛፍ ይበቅላል፤ በመናገሻ ሱባ ደን ያለውም እርሱው ነው። አንድ ዛፍ በሁለት ቋንቋ ተጠርቶ በሁለት ተራራ ላይ ቆሟል። ከዳሎ አፋፍ ወደ ባሕሩ ቁልቁል የሚመለከት ጎብኚ ነገ ብስክሌቱን ይዞ ቢመጣ፣ ከእርሱ ቀድሞ በገደሉ የወጣ ሰው እንዳለ ማወቅ ይገባዋል።

መንገድ መልቀቅ ሲባል ግን ለአንድ ደቂቃ ዳር መቆም ብቻ አድርገን እንዳንወስደው። ለመዝናኛ የሚከለል ደን ሁሉ ቀድሞ በዚያ ደን የሚተዳደር ሰው አለው። ለዚያ ሰው ሌላ መተዳደሪያ ሳይዘጋጅ በሩ ቢዘጋ፣ የተመረጠው ችግር የተጫነውን ችግር ከመንገዱ ገፍቶ ጣለው ማለት ነው። እንጨት ለቃሚዋ ሽመና ይዛ፣ ወይም ሌላ ሥራ አግኝታ ገመዷን በፈቃዷ ስትሰቅል ግን ፍሬኑ በእጇ ገባ። ፍትሕ የምንለው ነገር ብዙ ትርጉም አለው፤ ከትርጉሞቹ አንዱ "ይብቃኝ" ማለት የሚችሉ ሰዎችን ቁጥር ማብዛት ይመስለኛል። ነጻነትም እንዲሁ ነው። ሰፈሮቻችን በነጻነት ቀን ስም ቢጠሩም፣ በሰፈሩ የሚያልፈው ወጣት "ልመለስ" ማለት ካልቻለ ያ ቀን ለእርሱ ገና አልደረሰም።

እንግዲህ ወደ ኮረብታው ለሚወጣ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ይውጣ፤ በዳገቱ ይድከም፤ በቁልቁለቱ ይደሰት፤ ቴክኒካል የሆነውን መንገድ እንደ አቅሙ ይፈትን። ነገር ግን ድካሙን ጀግንነት ብሎ አይጥራው፤ ጀግንነት የሚለው ስም ማቆም ሳይችሉ ለሚጸኑት ይቆይላቸው። በጠባቡ እጥፋት ላይ ሸክም ያላት ሴት ብትመጣ ደግሞ ፍሬኑን አስቀድሞ ይያዝ፣ ከኮርቻው ይውረድ፣ ብስክሌቱን ወደ ዳር ያስጠጋ። በዚያ ሁሉ ዙር ውስጥ ከሚያሳያቸው ብልሃቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ደረጃውን የሚያሳይ ምልክት ግን በየትኛውም መግቢያ ላይ አልተተከለም።